ካርታው ላይ የሌለው ኬላ

ባለፈው ዓመት ቤት ቀየርኩ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ቡራዩ። የቤት ኪራይ አባረረኝ ብል ይቀላል። ያለኝ ዕቃ አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጠረጴዛና አራት ካርቶን መጽሐፍ ነው። አንዲት ዳማስ ተከራይቼ፣ አስኮንና ሳንሱሲን አልፈን አዲሱ ሰፈሬ ደረስን። ፍራሹን ላወርድ እጄን ስዘረጋ አምስት ወጣቶች ከበቡን።

«ወንድም፣ የምናወርደው እኛ ነን።»

«አመሰግናለሁ፣ ትንሽ ናት፤ ራሴ አወርዳታለሁ።»

«ራስህ ማውረድ ትችላለህ፤ ግን ትከፍላለህ» አለኝ አንደኛው። ሲናገር ቁጣ የለውም። የውሃ ቢል የሚያስከፍል ሰው ነው የሚመስለው።

የጠሩት ዋጋ ለዳማሷ ከከፈልኩት ይበልጣል። ልከራከር ስል አከራዬ ከግቢ ብቅ አሉና «ልጄ፣ ስጣቸውና ግባ። እኔ ጣራ ሳስለብስ በቆርቆሮ ቁጥር ነው የከፈልኩት» አሉኝ። ከፈልኩ። ከዚያ ፍራሹን ራሴ አወረድኩት።

ይህ ታሪክ ለማናችሁም አዲስ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የገባ፣ አሸዋ ያስደፋ፣ ሶፋ የገዛ ሁሉ የራሱ አለው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ስለለመድነው እንደ ዝናብ ቆጠርነው። እኔ ግን የምከራከረው ይህን ነው፦ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ኑሮ የተወደደው ዕቃ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ዕቃው ባለበትና ዕቃው በሚፈለግበት ቦታ መካከል በመቆም ብቻ የሚኖር ሰውና መሥሪያ ቤት ስለበዛ ጭምር ነው። ይህ ደግሞ እንደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አፍጥጦ የሚታይበት ቦታ የለም።

አዲስ አበቤ እነዚህን ከተሞች «ዳር» ይላቸዋል። «የት ነው የምትኖረው?» ሲሉኝ «ቡራዩ» ካልኩ፣ የሚያዝንልኝ ፊት አያለሁ። እስቲ የከንፈር መምጠጡን አቁመን መንገዱን እንይ። ሱሉልታ የጎጃም መንገድ በር ናት። የጎጃም ጤፍ፣ የሰላሌ ወተት፣ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የደርባ ሲሚንቶ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ቡራዩ የአምቦና የነቀምቴ መንገድ በር ናት። የወለጋ ቡናና በቆሎ፣ የሙገር ሲሚንቶ በእሷ ያልፋል። ሰበታ የጅማ መንገድ በር ናት። የጅማ ቡና፣ የወልቂጤ ቆጮ፣ በዓለም ገና ዙሪያ የተደረደሩት ፋብሪካዎች ምርት በእሷ ይወጣል፣ በእሷ ይገባል። ቦሌ ቁጭ ብለህ የምትጠጣው ማኪያቶ ቡናው በአንዱ በር፣ ወተቱ በሌላው በር የገባ ነው። የተቀመጥክበት ፎቅ ሲሚንቶም እንደዚያው። ዳር የተባለው ጉሮሮ ነው።

ጉሮሮ ሲታነቅ ደግሞ ሆድ ነው የሚራበው።

አሁን ራሴን ልክሰስ። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ዕቃ የሚያመላልስ መኪናን መንገድ የሚመርጥ ፕሮግራም ሠራን። አሪፍ ነበር። መነሻና መድረሻ ትሰጠዋለህ፣ አጭሩን መንገድ ያወጣልሃል፣ የሚደርስበትን ደቂቃ ይነግርሃል። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞቻችን አንዷ ከሱሉልታ ገበሬዎች ወተት ሰብስበው አዲስ አበባ ለሚገኙ ካፌዎች የሚያቀርቡ እናት ነበሩ። ፕሮግራሙ «ሃምሳ ደቂቃ» አለ። አንድ ቀን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ አብሬ ሄድኩ።

ገና ሳንወጣ መንገዱ ላይ የተወጠረ ገመድ ጠበቀን። ገመዱን የያዘው ልጅ ትንሽ ገንዘብ ተቀብሎ ለቀቀው። ደረሰኝ የለም። ቀጥሎ ፍተሻ። ፍተሻው ተገቢ ነው፤ ግን ከፊታችን የተሰለፉት አይሱዙዎች አንድ በአንድ እየወረዱ ነበርና ፀሐዩ ወጣብን። አዲስ አበባ ገብተን የመጀመሪያው ካፌ ጋ ስንደርስ አውራጆች መጡ። ጀሪካን ነው፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል፤ «በጀሪካን ሒሳብ» አሉ። ክርክር፣ ስልክ፣ ደግሞ ክርክር። ሦስተኛው ካፌ ስንደርስ ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ይሄ እርጎ ነው» ብሎ መለሰልን።

እኚያ እናት አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ካርታህ ቆንጆ ነው» አሉኝ፤ «መንገዱን ያሳያል፤ መንገዱ ላይ የቆመውን ሰው ግን አያሳይም።»

በሳምንቱ ፕሮግራሙን ከፍቼ «ኬላ» የሚባል ነገር ለመጨመር ሞከርኩ። አልተቻለም። ገመዱ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ እዚያ። ዋጋው እንደ ሰውዬው ፊት፣ እንደ ሾፌሩ ቋንቋ፣ እንደ ቀኑ ይለያያል። ሕግ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ኮድ ይቀየራል። ሕግ የሌለው አይቀየርም። ስለዚህ «አፕ ይሠራለት» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ተዉኝ። አፕ ሠርቼለታለሁ፤ ወተቱ ረግቷል።

መንግሥት ስለ ትራንስፖርት ሲናገር በኪሎ ሜትር ነው የሚናገረው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ሐዲድ። መንገድ መሠራቱን የሚጠላ የለም፤ እኔም ጭቃ አልናፈቀኝም። ነገር ግን የዓለም ባንክ አገሮችን በሎጂስቲክስ ሲያወዳድር የሚመለከታቸው ስድስት ነገሮች ናቸው፤ መሠረተ ልማት ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ጉምሩክ፣ የጭነት ዋጋ፣ የአገልግሎት ብቃት፣ ዕቃህ የት እንደደረሰ ማወቅና በሰዓቱ መድረስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ ከ160 አገሮች 126ኛ ነበረች። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ሥራ ከጀመረ በኋላ ማለት ነው። አስፋልቱ ነበረ። የጎደለው ሌላው ነበር።

ከሰበታ በላይ ለዚህ ምስክር አያስፈልግም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር የተሠራ መስመር ነው። የግንባታው የመጀመሪያ ክፍል ስሙ ራሱ «ሰበታ ሚኤሶ» ነው። ከወደብ የሚነሳው የዚህ አገር ትልቁ ሐዲድ የሚያበቃው ሰበታ ነው፤ ወይም ከዚህ ካየነው፣ የሚጀምረው ሰበታ ነው። አሁን ግን በዚህ ባቡር ድሬዳዋ መሄድ የፈለገ ሰው ፉሪ ለቡ ሄዶ ነው የሚሳፈረው። ኮንቴይነሩም በዋናነት የሚራገፈው እንዶዴና ሞጆ ነው። ከሰበታ ወደ ምዕራብ ይቀጥላል የተባለው ሐዲድ አልተሠራም። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ሊዘረጋ ታስቦ ነበር፤ ዕቅዱ ዕቅድ ሆኖ ቀረ። ሰበታ ያለ ባለፋብሪካ ጥሬ ዕቃው በባቡር ሞጆ ይደርስለታል፤ ከዚያ በተሳቢ ተጭኖ፣ አዲስ አበባን ዞሮ ወይም ሰንጥቆ፣ ለከባድ መኪና የተፈቀደውን ሰዓት ጠብቆ፣ ሐዲዱ ወደሚጀምርበት ከተማ ይመጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል፤ ዋጋ የሚወለደው ግን እዚሁ ነው። ዕቃ ሲሄድ ብዙም አያስወጣም፤ የሚያስወጣው ሲነሳና ሲቀመጥ፣ ሲቆምና ሲጠብቅ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት 58 የብረት ሣጥኖች በአንዲት አሮጌ መርከብ ጭኖ ከኒውርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። መርከቧ ከሌሎቹ አትፈጥንም ነበር። ነገር ግን ዕቃው አንድ በአንድ በሰው ትከሻ መውጣቱ ቀረ። በዚያን ጊዜ ልቅ ዕቃ መርከብ ላይ ለመጫን በቶን 6 ዶላር ገደማ ይከፈል ነበር፤ የማክሊን ሣጥን ወደ 16 ሳንቲም ገደማ አወረደው። ዛሬ የምንለው ኮንቴይነር ያ ነው፤ የዓለምን ንግድ የቀየረውም የመነሻና የመድረሻ ወጪን ስለቆረጠ ነው። እኛ ደግሞ ኮንቴይነሩን ከሻንጋይ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ አድርሰን፣ የመጨረሻዋን አንድ መንደር ለማለፍ በካርቶን ቁጥር እንከፍላለን።

ኬላ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት የጎጃም ነጋዴ ጨውና ቡና ጭኖ ሲወጣ በየወንዙ፣ በየተራራው በር፣ በየመስፍኑ ግዛት ቀረጥ ይከፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው የአገር ግንባታ ታሪክ፣ ብዙ ነገሩን ብንነቅፈውም፣ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው፦ ነጋዴ አንድ ጊዜ ከፍሎ አገሩን እንዲያቋርጥ ማድረግ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የግመል ጉዞ ሳምንታት ወደ ጥቂት ቀናት የወረደው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ በየመንገዱ የሚያቆመው ስላነሰም ነው። አሁን ከመቶ ዓመት በኋላ ገመዱ ተመልሶ ተወጥሯል። የያዘው ሰው መስፍን አለመሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

«ጸጥታስ?» የሚለኝ አለ። ትክክል ነው። በጎጃም መንገድ ሾፌርና መንገደኛ እየታገተ ገንዘብ እንደሚጠየቅበት አገር ያውቃል። በዚህ ሁኔታ ፍተሻ አይኑር የሚል እብድ ብቻ ነው። ግን ፍተሻና ክፍያ ሁለት ነገሮች ናቸው። የሚፈትሽ ሰው ዕቃህን ያያል፤ የሚያስከፍል ሰው ኪስህን ያያል። አንድ አይሱዙ ጤፍ በአምስት ቦታ ከተፈተሸ፣ አራቱ ቦታ ላይ የሚገኝ ቦምብ ካለ የመጀመሪያው ፈታሽ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። አልተኛም ካላችሁ ደግሞ አራቱ ምን ይፈልጋሉ?

ሁለተኛው ክርክር ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። «ጫኝና አውራጆቹ ሥራ አጥ ወጣቶች ናቸው፤ የት ይሂዱ?» ፍራሼን ካላወረደው ልጅ ጋር ኋላ ተዋወቅን። እዚያው ቡራዩ የተወለደ ነው። ቤተሰቡ የሚያርሰው መሬት ወደ ቤትነት ተለውጦ፣ ካሳው አልቆ፣ እሱ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ መንገድ ዳር ቆመ። «የኛ መሬት ላይ ነው ፍራሽህን ያነጠፍከው» አለኝ አንድ ቀን እየሳቀ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ግን እሱም ቢሆን በዚህ መንገድ አልበለጸገም። ሰፈሩ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ፣ ሰኞ ከእኔ የወሰደውን ማክሰኞ ለዘይትና ለሽሮ ይመልሰዋል። ሱቅ ከፍቶ ሊሠራ ቢያስብ የሌላ ሰፈር ልጆች እሱንም ያስከፍሉታል። ሁሉም ሁሉን የሚያስከፍልበት ሰፈር ውስጥ ማንም ፋብሪካ አይከፍትም፤ ፋብሪካ ካልተከፈተ ደግሞ ይህ ልጅ መንገድ ዳር እንደቆመ ያረጃል። ለእሱ ማዘን ማለት እዚያው እንዲቆም መፍቀድ አይደለም። ያነሳውን ይከፈለው፤ በቆመበት አይከፈለው። ደግሞም እኮ መታወቂያና ሰደርያ ሰጥቶ ያደራጃቸው ወረዳ አለ። ተጠያቂው ልጁ ብቻ ሆኖ፣ ማኅተሙን የመታው ሰውዬ ቢሮው ውስጥ ሻይ ሊጠጣ አይገባም።

ስለ ዕቃ ብቻ አወራሁ፤ ሰውም ይጓጓዛል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቡራዩ ወጥታችሁ ሰልፉን እዩት። አየር ጤና ላይ የሰበታን፣ አዲሱ ገበያ ላይ የሱሉልታን እዩት። ታፔላው እስከ መጨረሻው ይላል፤ ሚኒባሱ ግን ቆርጦ ነው የሚጭነው። ግማሽ መንገድ ላይ «መጨረሻ!» ይላል ወያላው። ትወርዳለህ፤ ሌላ ትይዛለህ፤ ሁለተኛ ትከፍላለህ። ባለሚኒባሱን መክሰስ ቀላል ነው፤ ግን ሰሌዳው የአንድ አስተዳደር፣ መንገዱ የሁለት፣ ታሪፉም የሁለት ነው። ማንም የማይቆጣጠረው መስመር ላይ ማንም እንደፈለገ ይሆናል። አንበሳ አውቶቡስ ሲገኝ ደስ ይላል፤ ሲገኝ ነው ታዲያ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የከተማ ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር አይለካም። አንድ ሰው ከቤቱ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሥራ ሊደርስ ይችላል በሚለው ነው የሚለካው። በዚህ ልኬት አዲስ አበባ ትንሽ ከተማ ናት። ከዚህ ቀደም በሠራሁበት ቦታ ከሱሉልታ የምትመላለስ ተለማማጅ ነበረች። ከሁላችንም የተሻለ ኮድ የምትጽፍ ልጅ። ጠዋት ታረፍዳለች፤ ማታ ደግሞ ሳይመሽባት መውጣት አለባት። አለቃው «ሥነ ሥርዓት የላትም» አለ። በሦስተኛው ወር ተወችው። አሁን ሱሉልታ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ይህን ኪሳራ የትኛው የበጀት ዓመት ሪፖርት ላይ ልፈልገው?

ለምን አይስተካከልም? ፖለቲካው ነው፤ ዞር ዞር ማለት አያስፈልግም። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን አንድ ላይ ያቅዳል የተባለው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ አስነሳ፤ ሰው ሞተበት፤ ጥር 2008 ዓ.ም. ቀረ ተባለ። ገበሬው የፈራው በከንቱ አልነበረም፤ ዕቅድ በመጣ ቁጥር መሬቱ ሲሄድ አይቷል። ዕቅዱ ሲቀበር ግን ከመሬቱ ጋር ያልተያያዘውም አብሮ ተቀበረ። ከዚያ ወዲህ «በጋራ እንቀድ» የሚል ሰው የሌላውን መሬት ሊቀማ የመጣ ይመስላል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ይህ ቢያንስ አንድ ነገር አቅልሏል፦ አዲስ አበባ በዚህ ጉዳይ የምታናግረው አንድ ጎረቤት አላት። ሁለቱ ከንቲባዎች ስለ ወሰን ላይስማሙ ይችላሉ፤ ስለ ሚኒባስ ታሪፍ አለመስማማት ግን ምክንያት የለውም። ወሰን የማይነካ፣ መሬት የማይሰጥ፣ ሥራው መስመርና ታሪፍ፣ የጭነት ሰዓትና የፍተሻ ቦታ ብቻ የሆነ አንድ የጋራ ቢሮ ማቋቋም ያንዱን ማንነት ከሌላው አይቀላቅልም። ወያላው ሁለት ጊዜ «መጨረሻ!» ከማለት ያድነናል እንጂ።

ሌላም የሚቻል አለ፤ አንዱም አዲስ ብድር አይፈልግም። የመጫኛና የማውረጃ ዋጋ በየሰፈሩ በግልጽ ይለጠፍ፤ ባለዕቃው ራሱ ካወረደ አይከፍልም የሚለው ከላይ በትልቁ ይጻፍ። አንድ ኬላ የፈተሸው መኪና ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት ይያዝ፤ ቀጣዩ ኬላ ያንን አይቶ ያሳልፈው። ያን ጊዜ ማን ስንት ሰዓት እንዳቆመም ይታወቃል። የሱሉልታ ወተት ፀሐይ ላይ ከሚውል አንድ ማቀዝቀዣ ያለው መሰብሰቢያ ከመንገዱ ዳር ይቁም። ሰበታ ጣቢያ አጠገብ ዕቃ ማራገፊያና መጋዘን ይከፈት፤ ሐዲዱ እንደሆነ ተከፍሎበታል፣ ገናም እየተከፈለበት ነው። ደግሞም መኪና ባዶውን እንዳይመለስ ማሰብ ይቻላል፤ ሰበታ ያለው የሜታ ቢራ መኪና ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሙሉ ሳጥን ወስዶ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ሲመለስ ኖሯል። ቢራ የቻለውን ጤፍና ማዳበሪያ ለምን ያቅተዋል?

ይህ ሁሉ የሚደረገው ግን መጀመሪያ ሲያፍሩበት ነው። አሁን የሚያፍር የለም። ሚኒስትሩ ስለ ኪሎ ሜትር ያወራል፣ እኛ የቴክኖሎጂ ሰዎች ስለ አፕ እናወራለን፣ ነጋዴው ወጪውን ኪሎው ላይ ይጨምራል፣ ገዢው እየተራገመ ይከፍላል። ገመዱን የያዘው ልጅ ብቻ ነው ሥራውን በሐቅ የሚናገረው፦ «ራስህ ማውረድ ትችላለህ፤ ግን ትከፍላለህ።»

እኚያ የሱሉልታ እናት ወተት ማቅረቡን ትተዋል። ባለፈው ደወልኩላቸው። ላሞቹን ሸጠው እንደሆነ ጠየቅኩ። «አይ፣ ላሞቹ አሉ» አሉኝ፤ «ወተቱን ለጎረቤት እሸጣለሁ፣ የተረፈውን እንጠጣዋለን። አዲስ አበባ ሩቅ ናት ልጄ።»

እንጦጦ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ከተሞች ከእግሩ ሥር ናቸው።